የገለምባ ወታደሮች ዐይን

መካነ ኢየሱስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ ገብረ ማርያም፤
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አቡጀዲ መጣ ወይ ብለው በጨው ነጋዴው በጓዴ አፍ ላስጠየቁኝ፣ መጥቷል። ግን እንደ ድሮው ወፍራም አይደለም። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሙጫ ሲነካው ይሸበሸብብዎታል ብዬ ፈራሁ። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ቢኖር «ለመሪጌታ ይሄንን እንዳትሰጪ፤ ቅዱሳኑን ያስረጅብናል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ደህናው እስኪመጣ ይታገሡኝ።

አሁን ጓዴ ያደረሰልዎትን ዘንቢል ሲከፍቱ እንዳይደነግጡ። ውስጡ ጭድ ነው፤ በጭዱ ውስጥ አውራ ጣት የሚያክሉ የሸክላ ወታደሮች አሉ። የወንድሜ የጁነይዲ ናቸው። መቼም ያስታውሱታል፤ አባታችን ጨርቅ ሲለካልዎ ከባንኮኒው ሥር ቁጭ ብሎ ጭቃ ሲያድቦለቡል የነበረው ነው። አንድ ጊዜ የተረፈዎትን ሰማያዊ ቀለም በቀንድ አድርገው ሰጥተውት፣ ለሳምንት እጁን አልታጠብም ብሎ አስቸግሮን ነበር።

ያኔ የጀመረውን እስከ ዛሬ አልተወውም። ሰርዋን የሚባል አገር አለው። የትም አይፈልጉት፤ ያለው በሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ካርታውን በጨርቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ አውጥቶታል፤ ወንዙ የኔ ሰማያዊ ጥብጣብ ነው። ከወንዙ ማዶ ገለምባ የሚባል አገር አለ፤ ሁለቱ ተስማምተው አያውቁም። ወታደሮቹ የሚራመዱት በኔው የልብስ መለኪያ ሜትር እየተለካ ነው፤ ማን እንደሚወድቅና ማን እንደሚተርፍ ደግሞ ዛጎል ተጥሎ ይለያል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ጢሙን መላጨት ከጀመረም በኋላ ማታ ማታ ገበታውን ዘርግቶ ብቻውን ሁለቱንም ወገን ይጫወታል። ሌላው ወጣት ጠላ ቤት ሲያመሽ እሱ ጦር ሜዳ ያመሻል እያልሁ እስቅበት ነበር። አሁን ቀልዴ አይጥመኝም።

ለውትድርና ሲጠራ ሳጥኑን ለኔ አደራ ብሎ ሄደ። ወታደሮቹ ሲያዩዋቸው ፊት የላቸውም። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ አባታችን «መጫወቻ ከሆነ ይሁን፣ ዐይንና አፍ ግን እንዳታወጣላቸው» ብሎት ነበር። እንደሚያውቁት በኛ ዘንድ ምስል መሥራት አይወደድም፤ እሱም ቃሉን ጠብቆ ኖረ። በክረምት ከጦር ግንባር የጻፈልኝን ካነበብሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣሁ። «እዚህ ያለው ወታደር ሁሉ ፊት አለው፣ እቴ አዚዛ። የኔዎቹ ፊት የላቸውም። እንደዚያ አድርጌ ስጥላቸውና ሳነሣቸው መኖሬ ከነከነኝ» ይላል።

ለዚህ ነው የማስቸግርዎ። ወደ ፋሲካው ገደማ ፈቃድ ሊሰጡኝ ይችላሉ ብሏል። ሲመጣ ሳጥኑን ከፍቶ ፊታቸውን እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። የዚህን ያህል ትንሽ ፊት የሚሥል ሌላ እጅ አላውቅም። እምቢ ቢሉኝም አልቀየምዎትም፤ ትንሽ ብቻ ነው የምቀየመው።

ልጅዎ አዚዛ ይማም


ቤተ ልሔም፣ ኅዳር 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአዚዛ ይማም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ የጌታ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጓዴ ዘንቢሉን አስቀምጦ አልሄድ አለኝ፤ ስከፍተው ለማየት ነው። ነፋስ መውጫ ኬላ ላይ ምን ይዘሃል ሲሉት «የአንድ ሰው ጦር» ብሎ ሊያስበላኝ ነበር። ጠባቂው አንዱን ፈረሰኛ አንሥቶ ሲያገላብጥ ቆይቶ «ፈረሱ ጥሩ ነው» ብሎ መለሰለት አለኝ።

ሳየው እስኪደክመኝ ሳቅሁ። ሚካኤልን የግድግዳ ቁመት አድርጌ የሣልሁ ሰው በስተርጅናዬ የአውራ ጣት ጦር አዛዥ ልሁን? ስቄ ሳበቃ ግን አንዱን አነሣሁት። ልጁ እጅ አለው። ጋሻው ላይ ያለችውን እምብርት አይተሻታል? በምን እንደወጋት እንጃ።

ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብለሽ እንዳትሰጊ፤ አልበዛብኝም። አምና ድርቁ ከደረሰብን በኋላ ሰበካው ስለ እህል እንጂ ስለ ሥዕል የሚያስብበት ፋታ አላገኘም። የቤተ ክርስቲያናችን ቅድስት ምዕራብ ግድግዳ በነጭ ልስኑ ቆሟል። ስለ አቡጀዲው አትጨነቂ፤ ቢመጣም የሚለጠፍበት ቀን ሩቅ ነው። እጄ ሥራ ፈትቶ ተክዣለሁና የላክሽው በደህና ጊዜ ደረሰ።

ቢሆንም ሥራው የቤተ ክርስቲያን አይደለምና የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። «ይሰግዱላቸዋል?» አሉኝ። «ኧረ አይደለም፤ ይዋጋሉ» አልኋቸው። «እንግዲያው ከሰው አይብሱም» ብለውኝ ሄዱ። ፈቃድ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

እንግዲህ ሳልጀምር ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ። ከሁለቱ አገሮች ደጉ የትኛው ነው? ክፉው የትኛው ነው? ይህን ሳላውቅ ለማንም ፊት አልሰጥም። ልብሳቸውንም ንገሪኝ። ንጉሣቸው ማን ይባላል? ደግሞም ከጁነይዲ የመጨረሻው ደብዳቤ መቼ ደረሰሽ? በክረምት ያልሽው ነው ወይስ ከዚያ ወዲህ አለ?

ገብረ ማርያም


መካነ ኢየሱስ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ፤

እሺ በማለትዎ እንዴት እንደተደሰትሁ አልነግርዎትም፤ ይኮሩብኛል። የንስሐ አባትዎን ንግግር ለጎረቤቴ ለካሣነሽ ነግሬያት እስካሁን ትስቃለች።

ንጉሥ የላቸውም። ሰርዋንን የምትገዛው ሴት ናት። ስሟን አልናገርም፤ የልብስ ስፌት መኪና ትነዳለች ይባላል፣ ቁጡ ናት ይባላል። ከእግረኞቹ መካከል ቀሚስ ያላት እሷ ናትና እባክዎ መልኳን አደራ።

ደግና ክፉ ላሉት፣ ደጉ ሰርዋን ነው። ክፉው ገለምባ ነው። ጁነይዲ ልጅ እያለ እንደዚያ ይል ነበር፤ ገለምባ ድልድይ ያቃጠለ፣ ከብት የነዳ አገር ነው። ልብሱን በቃል ከማስረዳ ናሙናውን ከሱቄ ቁራጭ አውጥቼ በክር አያይዤ ልኬያለሁ። ሰማያዊው የሰርዋን እግረኛ ነው፤ ቀዩ መቀነቱ። አረንጓዴው የገለምባ ነው። ባንዲራዎቹን እኔው ሰፍቼ እጨርሳለሁ። ወታደሮቹን ሲመልሱልኝ ብቻ አደራ፣ ክፍላቸውን እንዳይቀላቅሉብኝ፤ ፈረሰኛው ለብቻ፣ መድፈኛው ለብቻ፣ እግረኛው ለብቻ ነው። ጁነይዲ ከሱቄ ዕቃ ይልቅ ለነሱ ነው ሥርዓት የሚያውቀው።

የመጨረሻው ደብዳቤ መቼ ደረሰሽ ላሉኝ፣ ያ የክረምቱ ነው። ደብረ ታቦር የሚሄድ ሰው ሁሉ ፖስታ ቤት እንዲጠይቅልኝ እነግራለሁ። ይዘገያል ይላሉ። እርስዎ ፊቱን ይሥሩልኝ።

አዚዛ


ቤተ ልሔም፣ የካቲት 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዚዛ፤

እንዴት ነሽ? ዝም ስላልሁ ሥራውን የተውሁ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ዘንቢሉን አየት አድርጊና ከዚያ ተቆጪኝ።

ሥራው እንደገመትሁት አልሆነም። መጀመሪያ ነጭ የመሠረት ቀለም ቀባኋቸው፤ ቀጥዬ ልብሳቸውን በናሙናሽ መሠረት አለበስኋቸው፤ ቆዳቸውን ጠይም አደረግሁ። ዐይን መጨረሻ ነው። እኛ ዘንድ ዐይን ከተሣለ በኋላ ሌላ ነገር አይነካም፤ ያየ ሰው ፊቱ ላይ ሲቀባቡት ደስ አይለውምና። ለዚህ ብቻ ከድመቷ ጅራት ፀጉር ነቅዬ ብሩሽ ሠራሁ። ድመቷ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ሰርዋኖቹ ሁለት ሁለት ዐይን አላቸው፤ ቀጥ ብለው ያዩሻል። ንግሥቲቱን ትንሽ ቆጣ አድርጌያታለሁ፤ በዚህ አትቀየሚ፤ ስሟን ባላውቅም መልኳን የማውቀው መሰለኝ።

ገለምባ ነው ያስቸገረኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል አይተሽው አታውቂ ይሆናል። ደጉ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዐይኑ ይሣላል፤ ክፉው በጎኑ ዞሮ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ግድግዳ ላይ ቀላል ነው፤ አዙሮ መሣል ነው። ሸክላ ግን ፊት ለፊት ቆሞ ያፈጥብሻል እንጂ አይዞርልሽም። ሦስት ቀን አሰብሁበት። በመጨረሻ መላ መጣልኝ፤ ጥምጥም ሣልሁላቸውና ጫፉን በግማሽ ፊታቸው ላይ አወረድሁት። አንድ ዐይን ቀረ። ዓይነቱ እንዳይሰለች የገሚሱን ቀኙን፣ የገሚሱን ግራውን ሸፈንሁ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሠርቶ አያውቅም፤ መምህሬ ቢያዩት ምን ባሉኝ! ልጁ ሲመጣ ይህቺን ብልሃት ማን እንዳመጣት ንገሪልኝ። እንዳትረሺ።

ገብረ ማርያም


መካነ ኢየሱስ፣ መጋቢት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ፤

ዘንቢሉ በደህና ደርሷል። አንድም አልተሰበረም። እጅዎን ይባርክልዎ፤ ንግሥቲቱም ተመሳስላለች፣ ካሣነሽ አይታ አወቀቻት። ጾሙን እንዴት ያዙት? ሽምብራ ትንሽ ልኬያለሁ፤ ለጾም ይሆንዎታል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከጠየቅሁም በኋላ ለምን ብለው እንዳይጠይቁኝ። ለገለምባ ወታደሮች ሁለተኛ ዐይን ማድረግ ይቻል ይሆን? ጥምጥሙን ገለጥ አድርጎ? ስላስቸገርሁዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ አላስረዝመውም።

አዚዛ


ቤተ ልሔም፣ መጋቢት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዚዛ ይማም፤

እንደምን አለሽ? ሽምብራው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ቶሎ ያልመለስሁት ተቀይሜ ነው፤ ልደብቅሽ አልችልም። ስለ ጨርቅ አንቺን አልመክርም፤ ስለ ዐይን ደግሞ እኔን ባትመክሪኝ። አርባ ዓመት ስሥል ለክፉ ሁለት ዐይን ሰጥቼ አላውቅም። መምህሬ ያስተማሩኝን ልንገርሽ። ሕዝቡ ማንበብ አያውቅም፤ የሚሳለመውን የሚለየው በሥዕሉ ዐይን ነው። ለዲያብሎስ ሁለት ዐይን ከሰጠኸው፣ አንዲት ዐይኗ የደከመ አሮጊት ቅዱስ መስሏት ትሳለመዋለች፤ ኃጢአቱ ያንተ ነው ይሉኝ ነበር። እኔም ይኸው በዚያ ፈርቼ ኖርሁ።

የሸክላ ወታደር የሚሳለም የለም ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ግን እጅ አንድ ጊዜ ከለመደ ሸክላም ግድግዳም አይለይም።

ይልቁን የደበቅሽኝ ነገር አለ። ደብዳቤሽ አጭር ነው፤ አንቺ አጭር ደብዳቤ አትጽፊም። ሥዕሉን ማን ጠላው? ስለ ጁነይዲ አንድ ቃል የለበትም። ለምን ብለው አይጠይቁኝ ብትዪም ጠይቄሻለሁ።

ገብረ ማርያም


መካነ ኢየሱስ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ ገብረ ማርያም፤

መቀየምዎ ልክ ነው። አልዋሸሁዎትም፤ ግን ዝም ብያለሁ፤ ዝም ያልሁትም እርስዎን እንዳላሳዝን ብዬ ነው። ከጠየቁኝ ግን እነግርዎታለሁ።

ጁነይዲ መጥቷል። የመጣው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ በፈቃድ አይደለም፣ ከሆስፒታል ተሰናብቶ ነው። ግራ ዐይኑ የለም። ሌላው ሰውነቱ አልሐምዱሊላህ ሙሉ ነው። ደብዳቤው የቀረውም ለዚህ ነው፤ ዐይኖቹ ታስረው ሳለ በሰው እጅ ማስጻፍ አልፈለገም።

የእርስዎ ዘንቢል የደረሰው እሱ ከመምጣቱ ሦስት ቀን አስቀድሞ ነበር። የጥምጥሙን ብልሃት ሳነብ ስቄያለሁ። ዘንቢሉን ግን አልፈታሁትም፤ አብረን እንከፍተዋለን ብዬ አስቀመጥሁት። እሱ በር ላይ ቆሞ ሳየው ያነበብሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ።

በማግስቱ ይዤለት ገባሁ። ሰርዋንን አንድ በአንድ አወጣ። ከመጣ ጀምሮ ያን ጊዜ ነው የሳቀው። «ፊት አላቸው! እቴ፣ ፊት አላቸውኮ!» አለኝ። ንግሥቲቱን አይቶማ ሆዱን ያዘ። ከዚያ ገለምባን ማውጣት ጀመረ። አንዱን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላበጠው። ሁለተኛውን አወጣ፣ ሦስተኛውን።

«መሪጌታ ናቸው የሣሉት?» አለኝ።
«አዎ።»
«ጽፈሽላቸው ነበር?»
«ኧረ እኔስ መቼ አወቅሁ!»
«ታዲያ እንዴት አወቁ?»

ስለሱ የተሣለ መስሎታል። አለመሆኑን ላስረዳ ብዬ፣ አፌን በቆረጠው፣ ደብዳቤዎ ላይ ያለውን እንዳለ ነገርሁት። ክፉ ሰው በአንድ ዐይን ነው የሚሣለው፣ ልማዳቸው ነው አልሁት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

አልተቆጣም። «እሺ» አለ። ሰርዋንን መልሶ ጭዱ ውስጥ ከተተ። ገለምባን ወደ ራሱ አስጠግቶ «እንግዲህ እኔ ገለምባ ነኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከጓዳው አይወጣም። በገበያ ቀን መስኮቱን ይዘጋል። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ተኝቷል በዪ ይለኛል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ታፈረ የመጻሕፍት ክፍሉን ቦታ ይዘውለታል፤ የሚቆጣጠረው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ግን እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልቀረበ ለሌላ ይሰጣል፤ የሳቸው ሥልጣን እስከዚያ ነው። ያ ቦታ ካመለጠው ከዚያ ጓዳ የሚያወጣው ሌላ ነገር አላውቅም። ወንድሜን ከጦርነት መልሼ ጓዳዬ ውስጥ ላጣው ነው።

ሁለተኛ ዐይን ማለቴ ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው።

አዚዛ


ቤተ ልሔም፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ አዚዛ፤

ደብዳቤሽን ጓዴ ሲሰጠኝ ቅድስቱ በራፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። እዚያው አነበብሁት፤ እዚያው ቀረሁ።

አርባ ዓመት ስሥል፣ አንድ ዐይኑን ያጣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያን ግድግዳ ቀና ብሎ ሲያይ ምን ይሰማው ይሆን ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። በደብራችን ሁለት አሉ፤ አንደኛው ቄሰ ገበዙ ናቸው። ሁልጊዜ ክፉ ካልተሣለበት ከምሥራቁ ግድግዳ አጠገብ ነው የሚቆሙት። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ዛሬ መጠየቅ ፈራሁ።

በብልሃቴ ኮርቼ ልጁ ሲመጣ ንገሪልኝ ማለቴን ሳስበው አንገቴን እደፋለሁ። ይቅርታ በደብዳቤ አይላክም። ትንሣኤን እንደዋልሁ እመጣለሁ። ብሩሼንና ቀለሜን እይዛለሁ። ጥምጥሙን ፍቄ ለገለምባ ሁለተኛ ዐይን እሰጣለሁ፤ መምህሬ ከወዲያ ሆነው ቢቆጡ መልሱን እኔው እሰጣለሁ። ከነፋስ መውጫ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወደናንተ አውቶቡስ አላጣም። ጉልበቴን ቅባት ቀብቼ አባብለዋለሁ።

ለካሣነሽ ንገሪልኝ፤ እንደ ወትሮው ማዕዴ እሷ ቤት ነው። ለጁነይዲም እንደምመጣ ንገሪው። ሳይናገር የሚመጣ ሰው ጠላት ይመስላል።

ገብረ ማርያም


ቤተ ልሔም፣ ግንቦት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዚዛ፤

በሰላም ገብቻለሁ። ጾማችሁን እንዴት ያዛችሁት? እኔ ስፈታ እናንተ ያዛችሁ፤ ተቀባበልን። ካሣነሽን አመስግኚልኝ፤ የፋሲካ ዶሮዋን ከሥር አበላችኝ።

«እኔ ገበያ ስውል ምን ተባባላችሁ?» ብለሽ በተንኮል ለጻፍሽው፣ የምነግርሽ አለ፣ የማልነግርሽም አለ። አለቀሰ ወይ ላልሽው አልመልስም። እኔ ግን አልቅሻለሁ፤ ይህን የመናገር መብት አለኝ።

ገብቼ ስቀመጥ ሰላም አለኝ፤ በአክብሮት ነው፣ አባቱ እንዳሳደገው። ይቅርታዬን ተናገርሁ። ከዚያ ብሩሼን ሳወጣ እጁን ሳጥኑ ላይ ጫነ።

«አይንኩብኝ፣ መሪጌታ» አለኝ።
«ላስተካክላቸው ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»
«ምን ጎደላቸው?»

ብሩሼን ጠቅልዬ ከረጢቴ ውስጥ ከተትሁ።

ካርታውን ዘረጋ። እኔን ከወንዙ ወዲህ አስቀመጠኝና ሰርዋንን ሰጠኝ። እሱ ከጥብጣቡ ማዶ ሆኖ ገለምባን ማሰለፍ ጀመረ። እንዴት እንዳሰለፋቸው ስሚኝ። እኔ ዓይነቱ እንዳይሰለች ብዬ ገሚሱን በቀኝ፣ ገሚሱን በግራ ሸፍኜ የለም? እሱ ግራው የተሸፈነውን ቀኙ ከተሸፈነው ጋር አጣመረ። የማያየው ጎናቸው እርስ በርስ ተጣብቆ፣ የሚያየው ዐይናቸው ወደ ውጭ። ሁለት ሁለት ሆነው ወንዙን ሙሉ ቆሙ። ፈረሰኛውንም እንደዚያው። ይህን ሲያደርግ ሁለት ወር እንደከረመ ገባኝ፤ አንቺ ተኝቷል ስትዪ እሱ ጦር ያደራጅ ነበር።

«እንደዚህ ነው ከዚያ የወጣሁት» አለኝ። «አንድ ሰው እስከ መኪናው ድረስ በግራዬ ይሄድልኝ ነበር።» ሰውየውስ ብዬ አልጠየቅሁም። አንቺም አትጠይቂው፤ ሲፈልግ ይነግርሻል።

ከዚያ ተዋጋን። የኔዎቹ ሁለት ሁለት ዐይን እያላቸው ለየብቻቸው ቆመው ነበርና ተለቅመው አለቁ። ዛጎሉም አልታዘዘልኝም። ንግሥቲቱ ተማርካለች፤ አዝናለሁ። የስፌት መኪናዋ ሳይተርፍ አይቀርም።

ግን አንድ ነገር ሳልፈጽም መመለሴ ይቆጨኛል። ሲሸኘኝ እስከ በሩ ነው የመጣው። ትንሽ ሸኘኝ ብለው ደፉን ሳይረግጥ ቆመ። ና ውጣ ብዬ ልጎትተው አልችልም። ወሩ ሊያልቅ ነው፤ እኔም እንዳንቺ ቀን እቆጥራለሁ።

ሰበካው የምዕራቡን ግድግዳ ከክረምቱ በኋላ ጀምር ብሎኛል። የመምህሬን ትእዛዝ አልተውም፤ ሥርዓት ነው። ግን ክፉውን አዙሬ ስሥል እጄ ቆም ማለቱ አይቀርም።

ገብረ ማርያም


መካነ ኢየሱስ፣ ግንቦት 29 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ ገብረ ማርያም፤

እንደምን ሰነበቱ? ይህን የምጽፈው ሮጬ ነው፤ ጓዴ በቅሎውን ጭኖ በር ላይ ያጉረመርማል። ምሥጢሬን ሁሉ ተሸክሞ ሲመላለስ አንድም ቀን አልከፈተውም፤ ዛሬ ግን ቃል በቃል ልነግረው ነው።

ትናንት የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ጣቃ እያወረድሁ ዞር ስል ከኋላዬ ቆሟል። የአባታችንን ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ያጥረዋል።

«ሥራ አለሽ?» አለኝ።
«የገበያ ቀንኮ ነው!» አልሁት፤ ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ።
«ትንሽ ጊዜ ነው። በግራዬ ሁኚልኝ።»

ጣቃውን እንዳለ ጥዬ ወጣሁ። ቁልፉን ሁለቴ ሳትሁት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያ ሱቅ በገበያ ቀን ተዘግቶ አያውቅም፤ ደንበኞቼ ሰው ሞቶባት ነው ብለው ተከትለውን መጡ። ክንዱን ያዝሁና በገበያው መካከል ሄድን። በስተግራው ያለውን ሁሉ እኔ እያየሁ እነግረዋለሁ፤ «በቅሎ»፣ «የእንስራ ክምር»፣ «ድንጋይ አለ»። «ካሣነሽ» ስለው «እሷን እንኳ ባላይ ይሻላል፤ ታስለቅሰኛለች» አለኝ። እሷ ግን አይታው ኖሮ እዚያው እልልታዋን ለቀቀችው። ሰው ሁሉ ዞረ። ክንዱ እጄ ውስጥ ሲጠነክር ታወቀኝ፤ ግን አልቆመም፤ ሄደ።

አቶ ታፈረ ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡት፤ ሌላ ነገር አላሉትም፣ አላህ ይስጣቸው። የመጻሕፍቱን ክፍል ከፍቶ ሲገባ አየሁት። አቧራ በአቧራ ነው። ወዲያው ኮቱን አውልቆ መጻሕፍቱን እየለየ መደርደር ጀመረ፤ የማን ወንድም ነው? እኔ ደጅ ቀርቼ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ደስታ ነው፣ መሪጌታ፣ ሌላ አይደለም።

ልጽፍልዎ መሆኑን ማታ ስነግረው «ቦታ ተይልኝ» ብሎኛልና ከዚህ በታች ያለው የሱ ነው። አነበብሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ብልግናውን ከኔ አልተማረም።

አዚዛ

«መሪጌታ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለመስቀል ሰሞን ይመጣሉ ብላኛለች። ንግሥቲቱን ፈትቻታለሁ፤ እስረኛ ሆና ቤቱን በጠበጠችው። ሰርዋንንም ጥንድ ጥንድ አድርጌ አሰልፌልዎታለሁ፤ በዚህ እንኳ ቢያሸንፉኝ እንይ። ሲመጡ ግን በቀኜ በኩል ይቀመጡ። ሲሸነፉ ፊትዎን ማየት እፈልጋለሁ። ጁነይዲ።»